ቤት ሰራሽ ድግምተኛ ክላስ፦ ሚዛኑን ከአጽሙ እስከ ሙከራው ማስተካከል

አዲስ ድግምተኛ ክላስ (የገጸ ባሕርይ ዓይነት) የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ጉዳቱ በዛ እንዴ?» የሚል ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ተራው ግን ገና ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) 5ኛ እትም ድግምተኛን ከሚዛን የሚያወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። በአንድ ተራ ስንት ነገር ይሠራል? በቀን ስንት ጊዜ ይሠራዋል? ኮንሰንትሬሽን የሚባለውን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቀጣይ ድግምት ብቻ የሚያስይዘውን ገደብ ያመልጣል ወይስ አያመልጥም? እነዚህ ሳይፈተሹ ጉዳቱ 8ዲ6 ይሁን 9ዲ6 (ባለ 6 ገጽ ስምንት ዳይስ ወይስ ዘጠኝ) ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

እዚህ አንድ ክላስ ከባዶ እንሠራለን። ስሙ ቋጣሪ ይባል። ድግምቱን በገመድ ላይ ቋጥሮ ያስቀምጣል፤ ሲፈልግ ይፈታዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ እንደወረደ ከተጻፈ ግን ጨዋታውን ያበላሻል። ለዚህም ነው የመረጥኩት።

ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር። 2ዲ10 ማለት ባለ 10 ገጽ ሁለት ዳይስ ነው። የገጸ ባሕርዩን እድገት «ሌቭል»፣ የድግምቱን ክብደት «ደረጃ» እላለሁ፤ ካልተለያዩ ግራ ያጋባሉ። ቁጥሮቹ ከ2014ቱ ሕግ ናቸው። የ2024ቱ እድሳት ነገሩን የሚለውጥበት ቦታ ላይ እጠቅሰዋለሁ።

1. ክላሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

«ቋጣሪ ድግምቱን ቀድሞ ያዘጋጃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በፍጥነት ይለቀዋል።» ይኸው ነው። ዓረፍተ ነገራችሁ ውስጥ «በተጨማሪም» ከገባ ሁለት ክላስ በአንድ ላይ እየሠራችሁ ነው። ድግምት ይቋጥራል፣ በተጨማሪም ከሙታን ጋር ያወራል፣ በተጨማሪም ክንፍ ያበቅላል... ክንፉ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ሐሳባችሁ የነባር ክላስ ንዑስ ክላስ ቢሆን የሚጎድለው ነገር አለ? ከሌለ ንዑስ ክላስ አድርጉት። ሥራው በብዙ ይቀላል፤ አብዛኛውን ሚዛን ሌላ ሰው ጨርሶላችኋል።

2. አጽሙን ተዋሱ

የስሎት ሰንጠረዥ ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ስሎት ማለት አንድ ድግምት ለመልቀቅ የሚወጣ፣ በእረፍት የሚመለስ ድርሻ ነው። ሦስት ዝግጁ አጽሞች አሉ።

ሙሉ ድግምተኞቹ ዊዛርድ፣ ሶርሰረር፣ ክሌሪክ፣ ድሩይድና ባርድ ናቸው። በ1ኛ ሌቭል 2 ስሎት ይዘው ይጀምራሉ። በ5ኛ ሌቭል 4 የ1ኛ፣ 3 የ2ኛ እና 2 የ3ኛ ደረጃ ስሎት አላቸው። በ17ኛ ሌቭል የ9ኛ ደረጃ ድግምት ይከፈትላቸዋል። ግማሽ ድግምተኞቹ ፓላዲንና ሬንጀር ደግሞ ከ5ኛ ደረጃ አያልፉም፤ እሱንም የሚያገኙት በ17ኛ ሌቭል ነው። በምትኩ በ5ኛ ሌቭል በአንድ አክሽን (የተራው ዋና ድርጊት) ሁለቴ ይመታሉ፤ የሕይወት ዳይሳቸውም ባለ 10 ገጽ ነው። ዋርሎክ ለብቻው ነው፦ ስሎቱ ጥቂት ነው፣ ሁሉም እስከ 5ኛ ደረጃ ድረስ በሚችለው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ነው፣ በአጭር እረፍትም ይመለስለታል፤ የሌሎቹ የሚመለሰው በረጅም እረፍት፣ ማለትም በእንቅልፍ ነው።

ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ስሎቱ ሲያልቅ ክላሳችሁ ምን ይሠራል? መልሱ «ካንትሪፕ (ስሎት የማይፈልግ ቀላል ድግምት) እየወረወረ ይጸልያል» ከሆነ ሙሉ ስሎት ስጡት። «በሰይፍ ደህና አድርጎ ይመታል» ከሆነ ግማሹን። ሙሉ ስሎትና ሁለት ምት አንድ ላይ የያዙ ነባር ንዑስ ክላሶች መኖራቸው እውነት ነው። ሁለተኛውን ምት የሚያገኙት ግን በ6ኛ ሌቭል ነው፤ የንዑስ ክላሳቸውን አንድ ትልቅ ስጦታም ከፍለውበታል።

ለቋጣሪ የሶርሰረርን አጽም እንወስዳለን። ባለ 6 ገጽ የሕይወት ዳይስ፣ ሙሉ ስሎት፣ በ1ኛ ሌቭል 4 ካንትሪፕና 2 ድግምት፣ በ20ኛ ሌቭል 15 ድግምት። ሶርሰረርን ሶርሰረር የሚያደርጉት ሶርሰሪ ፖይንትና በፖይንቱ ድግምቱን የሚለውጥበት ሜታማጂክ ናቸው። ሁለቱንም እናወጣለን። የቋጠሮው ዋጋ ከዚያ ክፍት ቦታ መብለጥ የለበትም። የቀረው ሥራ ሁሉ ይህንን ዋጋ መተመን ነው።

3. የቀኑን በጀት አስሉ

ስሎት በደረጃ ስለሚለያይ በብዛት ብቻ አይወዳደርም። ወደ ነጥብ ቀይሩት። ሶርሰረር በፖይንት ስሎት የሚገዛበት ዋጋ ጥሩ መለኪያ ነው፦ የ1ኛ ደረጃ ስሎት 2 ነጥብ፣ የ2ኛ 3፣ የ3ኛ 5፣ የ4ኛ 6፣ የ5ኛ 7። ለ6ኛ ደረጃ የ2014ቱ የዲኤም (የጨዋታው መሪ) መመሪያ መጽሐፍ 9 ይላል።

በ5ኛ ሌቭል ሙሉ ድግምተኛ 8 + 9 + 10 = 27 ነጥብ አለው። ፓላዲን 14 አለው። ዋርሎክ ሁለት የ3ኛ ደረጃ ስሎት፣ ማለትም 10 ነጥብ ብቻ። የተበደለ ይመስላል አይደል? በቀን ሁለት አጭር እረፍት ካገኘ ግን 30 ይሆናል። በ11ኛ ሌቭል ሙሉው ድግምተኛ 73 ነጥብ አለው። ዋርሎኩ ከሁለት እረፍት ጋር 63 ይደርሳል፤ በቀን አንዴ የሚለቃት የ6ኛ ደረጃ ድግምቱ ስትጨመር 72። በ73 እና በ72 መካከል ያለችው አንዲት ነጥብ በአጋጣሚ የመጣች አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን አንድ ግምት ላይ ቆሟል። የ2014ቱ መመሪያ ቡድኑ በቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ ይችላል፣ በመሃሉም ሁለት ያህል አጭር እረፍት ያደርጋል ብሎ ነው የተነሳው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ቡድን እንደዚያ አይጫወትም። በቀን አንድ ትልቅ ፍልሚያ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እንደዚያ ሲሆን ሙሉው ድግምተኛ 27 ነጥቡን በአንድ ጊዜ ያራግፋል፤ ዋርሎኩ 10ሩን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ስሌቱን ሁለቴ ሥሩት፦ አንዴ ለመጽሐፉ ቀን፣ አንዴ እናንተ በትክክል ለምትጫወቱት ቀን።

4. ልዩ ችሎታውን ጻፉና ቀዳዳውን ፈልጉ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የቋጣሪ የመጀመሪያ ረቂቅ ይህን ይመስላል እንበል (ፕሮፊሸንሲ ቦነስ ከሌቭል ጋር የሚያድግ ጭማሪ ነው፤ ቦነስ አክሽን ደግሞ ከአክሽኑ ሌላ የሚሠራ ፈጣን ድርጊት)፦

«ከረጅም እረፍት በኋላ በፕሮፊሸንሲ ቦነስህ ልክ ድግምት ትቋጥራለህ። ቋጠሮው እስኪፈታ ይቆያል። በቦነስ አክሽን ትፈታዋለህ። የተፈታው ድግምት ኮንሰንትሬሽን አይፈልግም።»

አራት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አራት ቀዳዳ።

መጀመሪያ «እስኪፈታ ይቆያል» የሚለው። ቡድኑ ሦስት ቀን ያለ ፍልሚያ ተጓዘ እንበል። ቋጣሪው ማታ ማታ የተረፈውን ስሎት እየቋጠረ ይተኛል፤ ጠዋት ስሎቱ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። በ5ኛ ሌቭል ፕሮፊሸንሲ ቦነስ 3 ስለሆነ ሦስት የ3ኛ ደረጃ ድግምት በነጻ ያዘ ማለት ነው። 15 ነጥብ። 27 የነበረው በጀት 42 ሆነ። የ7ኛ ሌቭል ሙሉ ድግምተኛ እንኳ ያለው 38 ነው! መፍትሔው ቀላል ነው፦ መቋጠር ስሎት ይበላል፣ ረጅም እረፍት ሲያልቅም ያልተፈታ ቋጠሮ ሁሉ ይበተናል። ትናንት ወደ ዛሬ እንዳይሻገር።

ሁለተኛው ቦነስ አክሽኑ ነው፤ ከሁሉም የከፋው። ማንኛውም ገጸ ባሕርይ በተራው አንድ አክሽን፣ ቢበዛ አንድ ቦነስ አክሽን አለው። ቋጣሪው በቦነስ አክሽን ፋየርቦል (ብዙ ጠላት በአንዴ የሚመታ 8ዲ6 የእሳት ድግምት) ይፈታል፣ በአክሽኑ ሌላ ፋየርቦል ይለቃል። በአማካይ 28 እና 28፣ ማለትም በአንድ ተራ 56 ጉዳት፤ ጠላቶቹ ገና ቦታቸውን ሳይዙ። ሴቭ (ድግምቱን ለመቋቋም የሚጣል ዳይስ) ሁለቴም ያለፈ እንኳ፣ ግማሽ ግማሹን ወስዶ፣ 28 ያህል ይቀምሳል። ሶርሰረር አንድን ድግምት ወደ ቦነስ አክሽን ለማዛወር 2 ፖይንት ይከፍላል፤ በ2014ቱ ሕግም በዚያ ተራ በአክሽኑ የሚቀረው ካንትሪፕ ብቻ ነው። እኛም ይህንን እንወስዳለን።

የ2024ቱን ሕግ የምትጫወቱ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። እዚያ ገደቡ የተጻፈው በሌላ መንገድ ነው፦ በአንድ ተራ ድግምት ለመልቀቅ አንድ ስሎት ብቻ ታወጣለህ ይላል። ቋጠሮው ስሎቱን ያወጣው ጠዋት ነው። ሲፈታ ስሎት አይወጣም። ስለዚህ ሕጉን በሰላም አልፎት ይሄዳል። «ቋጠሮ በፈታህበት ተራ ስሎት የሚፈልግ ድግምት መልቀቅ አትችልም» ብላችሁ በቃል ካልዘጋችሁት ክፍት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያገኘው ሁልጊዜ ያ አንድ ተጫዋች ነው፤ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛው ኮንሰንትሬሽን። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ የኮንሰንትሬሽን ድግምት ብቻ መያዙ በ5ኛ እትም ድግምተኛን ልክ ከሚያስገቡት ሕጎች ዋነኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የሚያልፍ ነገር በጨዋታው ውስጥ አለ፤ ግሊፍ ኦፍ ዋርዲንግ በሚባለው የወጥመድ ጽሑፍ ድግምት ውስጥ የተቀመጠ ድግምት ያለ ኮንሰንትሬሽን ይሠራል። ዋጋውን ግን እዩት። ለመጻፍ 1 ሰዓት ይፈጃል፣ 200 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ዕጣንና የአልማዝ ዱቄት ይበላል፣ የተጻፈበት ነገር ከ10 ጫማ በላይ ከተንቀሳቀሰ ይፈርሳል። የኛ ገመድ ወገብ ላይ ታስሮ ይዞራል። አያስኬድም። ቋጠሮውን የፈታ ሰው ኮንሰንትሬሽኑን ይያዝ።

አራተኛው ቀዳዳ ብዙ ሰው የማያየው ነው። ፕሮፊሸንሲ ቦነስ የሚያድገው በጠቅላላ ሌቭል እንጂ በክላሱ ሌቭል አይደለም። አንድ ዊዛርድ ጥቂት ሌቭል ብቻ ከቋጣሪ ቢወስድ የቋጠሮው ብዛት ሙሉ በሙሉ አብሮት ያድጋል። ለዋና ችሎታ ቁጥሩን ሁልጊዜ በክላሱ ሌቭል እሰሩት። ዋና ችሎታውን በ1ኛ ሌቭል አለመስጠትም ይረዳል።

ጣሪያውስ? ኮንቲንጀንሲ የሚባለው የ6ኛ ደረጃ ድግምት ሌላ ድግምት አስቀምጦ ሁኔታው ሲደርስ ይለቀዋል። የሚከፈተው በ11ኛ ሌቭል ነው፤ የሚያስቀምጠው ከ5ኛ ደረጃ የማይበልጥ፣ በራስ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ በአንድ ጊዜ አንድ። ስለዚህ የቋጠሮ ጣሪያ 5ኛ ደረጃ ይሁን፣ እሱም ከ11ኛ ሌቭል ጀምሮ።

ቋጠሮውን ለጓደኛ መስጠትስ? ተጫዋቾች ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። ኮንሰንትሬሽን በነፍስ ወከፍ ስለሆነ አራት ሰው አራት ቋጠሮ ያዘ ማለት አራት የኮንሰንትሬሽን ድግምት በአንድ ጊዜ ማለት ነው። አርቲፊሰር ተመሳሳይ ችሎታ አለው፤ የሚያገኘው ግን በ11ኛ ሌቭል ነው፣ የሚያስቀምጠውም የ1ኛ ወይም የ2ኛ ደረጃ ድግምት ብቻ። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው አልፈቅድም። በኋላ መጨመር ይቻላል፤ የሰጡትን መንጠቅ ግን ጠብ ያመጣል።

5. ብዛቱን ተምኑ

ሶርሰረር በ5ኛ ሌቭል 5 ሶርሰሪ ፖይንት አለው። አንድ ቋጠሮ የሚሰጠው ጥቅም ወደ ቦነስ አክሽን ከማዛወር ጋር እኩል ነው ካልን 2 ፖይንት ያወጣል። አንድ ቋጠሮ በጠዋት፣ ከዚያ በየአጭር እረፍቱ እንደገና፤ በመጽሐፉ ቀን ሦስት ይሆናል፣ 6 ፖይንት። ከ5 ጋር ተቀራራቢ ነው። በ11ኛ ሌቭል ሁለት ቋጠሮ ቢኖረው በቀን ስድስት፣ 12 ፖይንት፤ ሶርሰረሩ 11 አለው። በ17ኛ ሌቭል ሦስት፣ 18 ፖይንት ለ17።

በእያንዳንዱ አንዳንድ ነጥብ በልጧል። አያሳስበኝም። ሶርሰረር ፖይንቱን እንደፈለገ ያውለዋል፤ ቋጣሪ ግን የትኛውን ድግምት እንደሚቋጥር ቀድሞ መወሰን አለበት። ፋየርቦል ቋጥሮ ወጥቶ እሳት የማይነካው ጭራቅ ቢገጥመውስ? ያንን ኪሳራ በአንዲት ነጥብ ብንክሰው ያንሳል እንጂ አይበዛም። ከ5ኛ ሌቭል በታች ግን በአጭር እረፍት መልሶ መቋጠር አይኖርም። በ3ኛ ሌቭል ሶርሰረሩ ራሱ 3 ፖይንት ብቻ ነው ያለው።

6. የድግምት ዝርዝሩን ቁረጡ

ሰዎች ችሎታውን በጥንቃቄ ጽፈው ዝርዝሩ ላይ ይለቁታል። «ከሁሉም ዝርዝር ይመርጣል» የሚል ክላስ ምንም ችሎታ ሳይኖረው ከሚዛን ወጥቷል። ፋየርቦልና ፈዋሹ ሂሊንግ ወርድ አንድ ሰው እጅ ላይ ሲገቡ የዊዛርዱም የክሌሪኩም ሥራ ተበላ ማለት ነው።

እንዲህ አድርጉ። ክላሱ በደንብ የሚችላቸውን ሁለት ሥራዎች ምረጡ፤ ለምሳሌ ጠላትን ማሰርና ሜዳውን መለወጥ። አንድ በመጠኑ የሚችለው ሥራ ጨምሩ። ከዚያ በፍጹም የማይችለውን አንድ ሥራ በግልጽ ጻፉ። ቋጣሪ አይፈውስም፤ አለቀ። ሺልድና ካውንተርስፔል የመሳሰሉ የሪአክሽን ድግምቶችን (በሌላ ሰው ተራ እንደ አጸፋ የሚለቀቁ) ደግሞ ለብቻ መርምሯቸው። ባለ 6 ገጽ ዳይስ ያለው ሰው ደካማ የሚባለው ሺልድ እስኪያገኝ ድረስ ነው። ለአንድ ዙር 5 ኤሲ (ጠላት ለመምታት ማለፍ ያለበት ቁጥር) መጨመር ቀልድ አይደለም።

አዲስ ድግምት ከፈጠራችሁ የ2014ቱ መመሪያ የጉዳት መነሻ አለው። ለአንድ ዒላማ በ1ኛ ደረጃ 2ዲ10፣ በ2ኛ 3ዲ10፣ በ3ኛ 5ዲ10፣ በ4ኛ 6ዲ10፣ በ5ኛ 8ዲ10። ለብዙ ዒላማ በቅደም ተከተል 2ዲ6፣ 4ዲ6፣ 6ዲ6፣ 7ዲ6፣ 8ዲ6። ቁጥሩ ሴቭ ያለፈ ሰው ግማሹን ይቀምሳል ብሎ ነው የተነሳው። ያለፈ ሰው ምንም የማይነካው ከሆነ 25 በመቶ መጨመር ይቻላል። ፋየርቦል 3ኛ ደረጃ ሆኖ 8ዲ6 መሆኑን ካያችሁ ከመነሻው በላይ ነው። ስለዚህ አዲሱን ድግምት ከፋየርቦል ጋር አታወዳድሩት፤ እሱ ልዩ ነው።

ጉዳት የሌላቸውን ለመተመን ጥንድ ፈልጉ። ሆልድ ፐርሰን 2ኛ ደረጃ ነው፤ ሆልድ ሞንስተር 5ኛ። የሚሠሩት አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ሰው መሰል ፍጥረት ላይ ብቻ መሥራቱ ነው። ዒላማን ማስፋት ብቻውን ሦስት ደረጃ አስወጣ። እንዲህ ያለ ጥንድ ከማንኛውም ሰንጠረዥ በላይ ያስተምራል።

7. አካሉን አስተካክሉ

ይህ ቶሎ ያልቃል። ሁለት የሴቭ ብቃት (ሴቩ ላይ ፕሮፊሸንሲ ቦነስ የሚጨምር) ስጡ፤ አንዱ ከዴክስተሪቲ፣ ከኮንስቲቲዩሽንና ከዊዝደም፣ ሌላው ከስትሬንግዝ፣ ከኢንተለጀንስና ከካሪዝማ። ነባሮቹ ክላሶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ለድግምተኛ ኮንስቲቲዩሽን ውድ ነው፤ ሲመታ ኮንሰንትሬሽኑን የሚያቆይለት ሴቭ የሚጣለው በእሱ ነው። በ5ኛ ሌቭል ኮንስቲቲዩሽኑ +2 የሆነ ሰው ቀላል ምት ሲያርፍበት ኮንሰንትሬሽኑን የማጣት ዕድሉ 35 በመቶ ነው፤ ብቃቱ ካለው 20 በመቶ። ሶርሰረር ይህ ብቃት አለው። ቋጣሪን ዊዝደምና ኢንተለጀንስ ሰጥቼዋለሁ፤ ጦርነት ውስጥ ረጋ ብሎ የሚቆም ሳይሆን ቀድሞ የሚያስብ ሰው ነውና።

8. አሁን ጉዳቱን አስሉ

ተራው ደረሰ። በ5ኛ ሌቭል፣ ዋና ችሎታው +4፣ ለመምታት +7፣ የጠላት ኤሲ 15 ብለን እንነሳ። የመምታት ዕድሉ 65 በመቶ ነው። ክሪቲካልን (20 ሲወጣ የሚጨመረውን ጉዳት) ለጊዜው እንተወው። በትልቅ ሰይፍ ሁለቴ የሚመታ ፋይተር በተራ በአማካይ 14.3 ያደርሳል። አጎናይዚንግ ብላስት (በካንትሪፑ ጉዳት ላይ የችሎታውን ቁጥር የሚጨምር) ያለው ዋርሎክ ስሎት ሳያወጣ 12.35። ፋየር ቦልት የሚባለውን ካንትሪፕ የሚወረውር ቋጣሪ 7.15።

ግማሽ መሆኑ ትክክል ነው። ሙሉ ስሎት ያለው ሰው ያለ ስሎት ከፋይተሩ ጋር መፎካከር የለበትም። ካንትሪፑ ላይ የችሎታውን ቁጥር ልጨምርለት ብላችሁ ከተፈተናችሁ የዋርሎክን እንጀራ እየነጠቃችሁ እንደሆነ እወቁ።

9. የመጨረሻውን ጽሑፍ አጥሩ

«በ3ኛ ሌቭል፣ ረጅም እረፍት ስትጨርስ አንድ የምታውቀውን፣ ለመልቀቅ 1 አክሽን የሚፈልግና ከ3ኛ ደረጃ የማይበልጥ ድግምት ስሎቱን አውጥተህ መቋጠር ትችላለህ። ቋጠሮውን አንተ ብቻ፣ በቦነስ አክሽን ትፈታለህ፤ ድግምቱም ያኔ እንደለቀቅከው ይቆጠራል፣ ኮንሰንትሬሽን ከፈለገም ትይዛለህ። ቋጠሮ በፈታህበት ተራ ከካንትሪፕ ሌላ ድግምት አትለቅም። ያልተፈታ ቋጠሮ ረጅም እረፍት ስትጨርስ ይበተናል፤ ስሎቱ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከ5ኛ ሌቭል ጀምሮ አጭር እረፍት ስትጨርስም መቋጠር ትችላለህ። በአንድ ጊዜ የሚኖርህ ቋጠሮ በ11ኛ የቋጣሪ ሌቭል 2፣ በ17ኛ 3 ይሆናል፤ ከ11ኛ ጀምሮ ጣሪያው 5ኛ ደረጃ ነው።»

ረዘመ። ግን እያንዳንዱ ሐረግ አንድ ቀዳዳ ይደፍናል። የምታምር አጭር አንቀጽ ከፈለጋችሁ መግቢያው ላይ ጻፏት፤ ሕጉ ይርዘም።

10. ሞክሩት

ዘመቻ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት በ3ኛ፣ በ5ኛና በ11ኛ ሌቭል ለየብቻ አጫውቱት። 5ኛው የ3ኛ ደረጃ ድግምትና ሁለተኛ ምት የሚመጡበት ስለሆነ ብዙ ክላስ የሚፈርሰው እዚያ ነው። በእያንዳንዱ ሌቭል ሁለት ዓይነት ቀን ሥሩ፦ አንድ ትልቅ ፍልሚያ ያለበት፣ እና አራት አምስት ፍልሚያ በመሃሉ እረፍት ያለበት። አጠገቡ ሶርሰረር ይቀመጥ። ሁለቱ በአንደኛው ቀን ብቻ ከተራራቁ ችግሩ እረፍቱ ላይ ነው፤ በሁለቱም ከተራራቁ ችሎታው ላይ።

ክላሱን የያዘውን ተጫዋች ደስ አለህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ደስ ብሎታል። ሌሎቹን ጠይቁ። ተራችሁ ሲደርስ የሚሠራ ነገር ነበር? የቋጣሪው ተራስ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ዲኤሙ ደግሞ ራሱን ይታዘብ። ጭራቆቹን ሁሉ ያንን አንድ ክላስ ታሳቢ አድርጎ መምረጥ ከጀመረ ክላሱ በዝቷል።

ማስተካከያ ሲያስፈልግ አንድ ነገር ብቻ ነክታችሁ እንደገና ሞክሩ። መጀመሪያ የቋጠሮውን ጣሪያ በአንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። ካልበቃ በአጭር እረፍት መቋጠሩን በቀን አንዴ አድርጉት። ቦነስ አክሽኑን ወደ አክሽን መለወጥ የመጨረሻው ነው፤ ያ ከሄደ የክላሱ ዓረፍተ ነገርም አብሮ ይሄዳል። ለውጡን በሁለት ጨዋታ መካከል ንገሩት እንጂ ፍልሚያ መሃል አይሁን። ተጫዋቹም የሚያውቃቸውን ድግምቶች በአዲሱ ሕግ መሠረት እንደገና ይምረጥ።